ብጉሩን እንጂ ፊቱን አያጥፉ፦ በፎቶሾፕ የፊት ቆዳን ደረጃ በደረጃ ማስተካከል

የጥር ሰርግ፣ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ሌላ ሰርግ፣ የሰኔና የሐምሌ ምርቃት፣ በየመሃሉ ልደትና ክርስትና፤ ፎቶ ቤት ለከፈተም ሆነ ካሜራውን ይዞ ለሚዞር ሰው ሥራው አያልቅም። ሥራ በበዛ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይደጋገማል፦ «ፊቱን እንዴት ላጽዳው?» ብዙ ሰው የሚያውቀው መልስ ፊቱን በሙሉ በብለር ማለስለስ፣ ከዚያም ማቅላት ነው። ከዚህ የሚወጣው ከቅንድብ እስከ አገጭ አንድ ወጥ የሆነ፣ የላብ ቀዳዳ የሌለው፣ ከአንገቱ ጋር የማይገጥም ፊት ነው። ሙሽራዋ አልበሙን ስትከፍት ቀሚሷን ታውቀዋለች፤ ፊቷን ግን ትጠራጠራለች።

ይህ መመሪያ የሚያሳየው ሌላ መንገድ ነው። መነሻውም ይህ ነው፦ በሁለት ሳምንት ውስጥ በራሱ ጊዜ ከፊት ላይ የሚጠፋውን ያጥፉ፣ የባለቤቱ የሆነውን ይተዉ። ብጉር ይጠፋል፤ የቆዳ ቀለም፣ የላብ ቀዳዳ፣ የፈገግታ መስመር የባለቤቱ ናቸው። ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ፎቶ በምሳሌነት ይዘን እንሂድ፦ ጠይም ሙሽራ፣ ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ፣ ሹሩባ ተሠርታ፣ ከሰዓት በኋላ ሣር ላይ ቆማ የተነሳችው ፎቶ። በዚህ ፎቶ ውስጥ የእኛ አገር ፎቶ አንሺ የሚገጥመው ችግር ከሞላ ጎደል ሁሉም አለ።

ከመጀመርዎ በፊት የሚያስፈልግዎ

መመሪያው የተጻፈው ለፎቶሾፕ ነው። ፎቶሾፕ ከሌለዎት በነፃ የሚገኘው ጂምፕ ወይም አፊኒቲ አብዛኛውን ሥራ ይሠራል፤ የመሣሪያዎቹ ስም ትንሽ ቢለያይም አካሄዱ ያው ነው። በማውስ መሥራት ይቻላል። ሥራዬ ብለው የሚገፉበት ከሆነ ግን ትንሿን የብዕር ታብሌት ቢገዙ ገንዘብዎ አይባክንም፤ እጅዎ ሲጫን ብራሹ ይጠነክራል፣ ሲለቅ ይሳሳል፤ በማውስ ይህ አይገኝም።

ከሶፍትዌሩ በላይ የሚያሳስበኝ ስክሪኑ ነው። «ኮምፒውተሬ ላይ ደማቅ ነበር፣ ታትሞ ሲመጣ ጠቆረ» የሚለው ቅሬታ ምንጩ አብዛኛውን ጊዜ ማተሚያ ቤቱ ሳይሆን እስከ መጨረሻው ድረስ የደመቀ ስክሪን ነው። ድምቀቱን ወደ ግማሽ ግድም ያውርዱትና ከዚህ በፊት ካሳተሙት ፎቶ ጋር ጎን ለጎን እያዩ ያስተካክሉት። ማታ ማታ ስክሪኑን ቢጫ የሚያደርገውን የዓይን ማሳረፊያ ማስተካከያ ያጥፉ፤ እሱ በርቶ ቀለም የሚያስተካክል ሰው በማግስቱ ሰማያዊ ፊት ያገኛል። ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ፊት ለፊትም አይቀመጡ።

መብራት ለሚቆራረጥበት አካባቢ አንድ ምክር ልጨምር፦ በፎቶሾፕ ፕሪፈረንስ ውስጥ ፋይል ሃንድሊንግ በሚለው ሥር መጠባበቂያ ቅጂ የሚቀመጥበትን ጊዜ ከ10 ደቂቃ ወደ 5 ደቂቃ ያሳጥሩት። እንደዚያም ሆኖ ኮንትሮልና ኤስን መጫን ልማድ ይሁንዎ።

ደረጃ 1፦ ብርሃኑንና ነጩን ከጥሬው ፋይል ላይ ያስተካክሉ

ፎቶው በራው ከተነሳ ካሜራ ራው ወይም ላይትሩም ላይ ይጀምሩ። ቆዳው የታመመ የሚመስለው ብዙ ጊዜ ብርሃኑ ስለተሳሳተ ነውና ይህ ደረጃ በትክክል ከተሠራ ከኋላ የሚመጣው ሥራ በግማሽ ይቀልላል።

ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ካሜራውን ያሳስተዋል። የካሜራው መለኪያ ከፊቱ ብዙ ነጭ ሲያይ «ብርሃኑ በዝቷል» ብሎ ይቀንሳል፤ ቀሚሱ ልክ ሲመጣ የሙሽራዋ ፊት ይጨልማል። ይህን ለማረም ሙሉውን ፎቶ ማብራት ስህተት ነው፤ የነጠላው ክር፣ የጥለቱ ጥልፍ ነጭ ሆኖ ይጠፋል። ይልቁንም ፊቷንና አንገቷን ብቻ በማስክ ይምረጡና እነሱን ያብሩ። አዲሶቹ የላይትሩምና የካሜራ ራው እትሞች ሰውን ራሳቸው ለይተው ይመርጣሉ፤ በአሮጌው ለሚሠራም ብራሽ ይበቃል። አንገቷን አይርሱ። ፊት ብቻ ሲበራ ጭምብል ያጠለቀች ትመስላለች።

ቀጥሎ የነጭ ሚዛን ነው። ጠብታ የምትመስለዋን መሣሪያ ወስዶ ቀሚሱን መንካት የተለመደ ነው፤ ነገር ግን በእጅ የተፈተለ ሸማ ብዙውን ጊዜ ንጹሕ ነጭ አይደለም፣ ወደ ክሬም ያደላል። ሶፍትዌሩ ያንን ክሬም ነጭ ለማድረግ ሲል ፎቶውን በሙሉ ወደ ሰማያዊ ይገፋዋል፤ ጠይሙ ፊት አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ፎቶው ሲነሳ አንድ ጊዜ ግራጫ ካርድ ማስያዝ ይህን ሁሉ ይፈታል። ካርድ ከሌለ ሚዛኑን በዓይንዎ፣ ፊቷን እያዩ ያስተካክሉት።

እዚሁ ላይ ቴክስቸርና ክላሪቲ የሚባሉትን መጎተቻዎች ወደ ግራ ስበው ቆዳውን «ለማለስለስ» አይቸኩሉ። ሙሉው ፎቶ ላይ ሲሳቡ ሽፋሽፍቱን፣ ሹሩባውን፣ የቀሚሱን ጥልፍ አብረው ያደበዝዛሉ።

ፋይሉን ወደ ፎቶሾፕ ሲያስተላልፉ 16 ቢት ይምረጡ። 8 ቢት ለእያንዳንዱ ቀለም 256 እርከን ብቻ አለው። ጠይም ወይም ጥቁር ጉንጭ ላይ ጥላው ቀስ እያለ ሲወርድ፣ እርከኑ ካነሰና በላዩ ብዙ ከሠሩበት፣ ጥላው በመስመር በመስመር ይቆራረጣል።

ደረጃ 2፦ ምንም ሳይነኩ ይመልከቱ፣ ይወስኑ

ፎቶውን በሙሉ ስክሪኑ ላይ አድርገው (ኮንትሮልና 0) ለጥቂት ጊዜ ይዩት። ዓይንዎ ሳይፈልጉ የሚሄድበት ነገር ካለ፣ መጀመሪያ የሚነካው እሱ ነው። በቅርበት ካልሆነ በቀር የማይታየውን ማንም አያየውም።

አሁን ይለዩ። ብጉር፣ የደረቀ ከንፈር ቅርፊት፣ የምላጭ ጭረት፣ የላብ ጠብታ፣ የተሰነጠቀ ፓውደር፣ ዓይን ላይ የወደቀ ጸጉር፦ እነዚህ ይጠፋሉ። ማርያም የሳመቻት ምልክት፣ ግንባር ወይም አንገት ላይ ያለ ንቅሳት፣ የጥርስ ፍንጭት፣ የተነቀሰ ድድ፦ እነዚህ አይነኩም። አያቷ የነቀሷትን መስቀል ከግንባሯ ላይ በሁለት ክሊክ ያጠፋ ሰው ቆዳ አላጸዳም፤ ቤተሰቡ አንዲት እናትን የሚያውቅበትን ምልክት ነው የወሰደው። ፍንጭትን «ለማስተካከል» የሚዘጋም እንዲሁ ነው፤ ያች ልጅ በፍንጭቷ ስትመሰገን ነው ያደገችው።

ጠባሳና ማዲያት በመሃል ናቸው። ለእነዚህ ደንቡ ባለቤቱን መጠየቅ ነው፦ «ይህ ይቆይ ወይስ ይቀነስ?» ጥያቄውን ፎቶው ከመነሳቱ በፊት፣ ሰው በሌለበት፣ በአክብሮት ያቅርቡት። መልሱ እርስዎ ከገመቱት የተለየ ሊሆን ይችላል።

ለአዛውንቶች የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የእናትና የአባት ፎቶ ላይ መጨማደድ አይጠፋም፤ የጥላው ጥቁረት ብቻ ትንሽ ይቀነሳል። የ70 ዓመት አባት በ40 ዓመት ፊት ግድግዳ ላይ ሲሰቀሉ ልጆቻቸው የሚያዩት እንግዳ ሰው ነው።

ደረጃ 3፦ በባዶ ሌየር ላይ ያጽዱ

ይህ የሥራው ልብ ነው። ጊዜ ከሌለዎት ይህንን ብቻ በደንብ ሠርተው ቢያቆሙ ፎቶው ለመላክ ይበቃል።

ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤንን ይጫኑና አዲስ ባዶ ሌየር ይክፈቱ፤ «ጽዳት» ብለው ይሰይሙት። ዋናውን ፎቶ በጭራሽ አይንኩት። በባዶው ሌየር ላይ የሠሩት ሁሉ ካልተስማማዎት በኢሬዘር ይነሳል፤ ደንበኛዋ ከሳምንት በኋላ «ያቺን ምልክት መልሱልኝ» ብትልም ምልክቱን ለመመለስ አንድ ደቂቃ ይበቃል።

የጄ ቁልፍን ተጭነው ስፖት ሒሊንግ ብራሽን ያውጡ፤ ከላይ ባለው አሞሌ ላይ ሳምፕል ኦል ሌየርስ የሚለውን ያብሩ። ይህ ካልበራ ባዶው ሌየር ላይ ምንም አይሠራልዎትም፤ ጀማሪው «መሣሪያው ተበላሽቷል» የሚለው እዚህ ጋ ነው። ፎቶውን 100 በመቶ ላይ ያድርጉት። 300 እና 400 በመቶ ድረስ አስጠግቶ የሚሠራ ሰው እያንዳንዱን የላብ ቀዳዳ እንደ ጉድለት ማየት ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ማቆሚያ የለውም።

ብራሹን ከብጉሩ በጥቂቱ የሚበልጥ ያድርጉት። ብራሹ የሚያድገውና የሚያንሰው በማዕዘን ቅንፍ ቁልፎቹ ነው። ጠርዙ ጠንከር ይበል፣ ከ80 በመቶ በላይ፤ ለስላሳ ጠርዝ በዙሪያው ያለውን ቆዳ ያደበዝዛል፣ ብጉሩ ጠፍቶ ደብዛዛ ክብ ይቀራል። ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ይንኩ። እየጎተቱ መቀባት አያስፈልግም። አንድ ብጉር አንድ ንክኪ፣ ካልተሳካ በኮንትሮልና በዜድ መልሰው እንደገና።

ስፖት ሒሊንግ ምትኩን ራሱ ስለሚመርጥ አንዳንዴ ይስታል። እንደዚያ ሲሆን ወደ ሒሊንግ ብራሽ ይለውጡ፤ ኦልት ቁልፍን ይዘው ንጹሕ ቆዳ ይንኩ፣ ከዚያ ብጉሩን። ምንጩን ሲመርጡ ሁለት ነገር ያስተውሉ። አንደኛ፣ ከዚያው አካባቢ ይውሰዱ፤ የግንባር ቆዳ የጉንጭ ቆዳ አይሆንም፣ የአፍንጫ ቀዳዳዎች ከሁለቱም ይሰፋሉ። ሁለተኛ፣ ምንጩን ይቀያይሩ፤ ከአንድ ቦታ አሥር ጊዜ የወሰደ ሰው አንድ ዓይነት ነጠብጣብ አሥር ቦታ ይተክላል፣ ዓይን ደግሞ ድግግሞሽን ቶሎ ይይዛል።

ከጸጉር፣ ከቅንድብና ከከንፈር ጠርዝ አጠገብ ሁለቱም ሒሊንግ መሣሪያዎች አይሠሩም። ሥራቸው ከዙሪያው ያለውን ቀለም መዋስ ስለሆነ የጸጉሩን ጥቁረት ወደ ቆዳው ስበው ያጨቀዩታል። እዚያ ቦታ ክሎን ስታምፕን (የኤስ ቁልፍ) ይጠቀሙ፤ እሱ ያነሱትን እንዳለ ስለሚያስቀምጥ ጠርዙን አያበላሽም።

የሹሩባ ጉዳይ ራሱን የቻለ ነው። ግንባርና ጆሮ ግንድ አጠገብ ከሹሩባው ያመለጡ ጥቃቅን ጸጉሮችን ሁሉ የሚያጠፉ አሉ። አያጥፏቸው፤ ያለ እነሱ ሹሩባው ከላይ የተደፋ ባርኔጣ ይመስላል። ዓይንን ወይም አፍን አቋርጦ ያለፈውን ብቻ ያንሱ። ለወንዶችም ተመሳሳይ ነው፤ ከመላጨት በኋላ አንገትና መንጋጋ ላይ የሚወጣውን ትልልቁን እብጠት ያጽዱ፣ የጺሙን ነጠብጣብ ግን ይተዉት። እሱ ሲጠፋ የሰውየው መንጋጋ የሕፃን ይሆናል።

ደረጃ 4፦ ወዙን ያለዝቡ፣ አያድርቁት

ከጽዳት በኋላ የሚቀረው የብርሃንና የጥላ ወጣ ገባ ነው፦ ግንባር ላይ ያበጠ ብልጭታ፣ ጉንጭ ላይ ያልተዋሃደ ሜካፕ፣ ከዓይን ሥር ጥቁረት። ይህን የሚሠሩበት ሁለት መንገድ አለ፤ ሁለቱን አያምታቱ።

የመጀመሪያው ፍሪኩዌንሲ ሴፓሬሽን ይባላል። ፎቶውን ለሁለት ይከፍለዋል፦ ከታች ቀለምና ጥላ፣ ከላይ የቆዳው ሸካራነት። አሠራሩ እንዲህ ነው። ኮንትሮል፣ ኦልት፣ ሺፍትና ኢን አንድ ላይ ተጭነው እስካሁን የሠሩትን በአንድ ሌየር ላይ ያሰባስቡ፤ በኮንትሮልና በጄ አንድ ቅጂ ይጨምሩ። የታችኛውን «ቀለም»፣ የላይኛውን «ዝርዝር» ይበሉ። የላይኛውን ይደብቁና የታችኛውን በጋውሲያን ብለር ያደብዝዙ። ለመጠኑ ቋሚ ቁጥር የለም፤ የላብ ቀዳዳዎቹ ጠፍተው የአፍንጫና የጉንጭ ቅርጽ ገና የሚለይበት ቦታ ላይ ያቁሙ። በ24 ሜጋፒክሰል ካሜራ በቅርብ ለተነሳ ፊት ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 12 ፒክሰል ይሆናል። አሁን የላይኛውን አሳይተው ይምረጡትና ኢሜጅ ከሚለው ሥር አፕላይ ኢሜጅን ይክፈቱ፤ በሌየር ቦታ «ቀለም» የሚለውን ይምረጡ። ፋይሉ 16 ቢት ከሆነ አድ፣ ኢንቨርት የበራ፣ ስኬል 2፣ ኦፍሴት 0 ያድርጉ። 8 ቢት ከሆነ ሰብትራክት፣ ስኬል 2፣ ኦፍሴት 128። በመጨረሻም የላይኛውን ሌየር ሊኒየር ላይት ላይ ያድርጉት። ፎቶው ከመነሻው ጋር አንድ ዓይነት መስሎ መታየት አለበት፤ ከተለየ አንድ ቁጥር ተሳስቷል፣ ከመጀመሪያው ይድገሙት።

ከዚህ በኋላ በ«ቀለም» ሌየር ላይ ላሶን ከ15 እስከ 30 ፒክሰል ፌዘር ሰጥተው ያልተዋሃደውን ቦታ ብቻ ይክበቡና በጋውሲያን ብለር ያለዝቡት። የሚሳሳቱት እዚህ ነው፦ ምርጫው ከአፍንጫው ጎን ካለው ጥላ ወይም ከመንጋጋው መስመር ከተሻገረ ብርሃንና ጥላ ይቀላቀላሉ፣ ፊቱም ጠፍጣፋ ይሆናል። አንድ ጊዜ የብርሃኑን ወገን፣ ሌላ ጊዜ የጥላውን ወገን ለየብቻ ይሥሩ።

ይህ በጠቆር ያለ ቆዳ ላይ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ነጣ ያለ ፊት ቅርጹ የሚነበበው በዋናነት ከጥላው ነው፤ የጠይምና የጥቁር ፊት ቅርጽ ግን የሚነበበው ከወዙ፣ ማለትም ጉንጭ አጥንት፣ ግንባርና አፍንጫ ጫፍ ላይ ከሚያርፈው ብርሃን ነው። ወዙን ሙሉ በሙሉ ያጠፋ ሰው የሙሽራዋን ጉንጭ አጥንት አብሮ አጠፋው። ነጭ ሆኖ የተቃጠለውን መሃሉን ብቻ ወደ አካባቢው ቀለም ያውርዱ፤ ብልጭታው ይቆይ።

ሁለተኛው መንገድ ዶጅና በርን ነው፤ እኔ የማምንበትም ይህንን ነው። ጊዜ ይወስዳል፤ ሸካራነቱን ግን ፈጽሞ አይነካም፣ የሚለውጠው ብርሃኑን ብቻ ስለሆነ። ሁለት የከርቭስ ሌየር ይክፈቱ፤ በአንዱ የመስመሩን መሃል ትንሽ ከፍ፣ በሌላው ትንሽ ዝቅ ያድርጉ። የሁለቱንም ማስክ በኮንትሮልና በአይ ጥቁር ያድርጉት፤ ውጤታቸው ይደበቃል። አሁን ለስላሳ ነጭ ብራሽ ይውሰዱ፣ ፍሎውን ከ1 እስከ 3 በመቶ ያውርዱ። የጨለመችውን ትንሽ ቦታ በ«ማብሪያው» ማስክ ላይ፣ ያበራችውን በ«ማጨለሚያው» ላይ ቀስ እያሉ ይቀቡ። አንድ ጊዜ ሲቀቡ ልዩነቱ መታየት የለበትም፤ ደጋግመው ሲያልፉበት ነው የሚመጣው። ወዲያው ከታየዎ ፍሎው በዝቷል።

ቀለም ዓይንዎን እንዳያታልል ከሁሉ በላይ የብላክ ኤንድ ዋይት ማስተካከያ ሌየር ያስቀምጡ፤ ወጣ ገባው በጥቁርና ነጭ ግልጽ ብሎ ይወጣል። ሲጨርሱ ያጥፉት። በየጊዜውም ወደ ሙሉ ፎቶው ይመለሱ፤ በቅርበት አስፈላጊ የመሰለው ግማሹ ከሩቅ አይታይም።

ከዓይን ሥር ያለውን ጥቁረት በተመለከተ፦ ብዙዎቻችን በዓይናችን ዙሪያ ከጉንጫችን የጠቆረ ቆዳ ይዘን ነው የተወለድነው። ድካም ያመጣው ከሆነ በአንድ ሦስተኛ ወይም በግማሽ ይቀንሱት። ከጉንጩ ጋር እኩል ከሆነ ዓይኑ ጉድጓዱን አጥቶ ፊቱ ላይ የተለጠፈ ይመስላል።

ስለ አውቶማቲክ ማለስለሻዎች አንድ ቃል። የፎቶሾፕ ኒውራል ፊልተር፣ የስልክ መተግበሪያዎች፣ ልዩ ልዩ ፕለጊኖች በአንድ ክሊክ ያለሰልሳሉ። የመቶዎች ፎቶ ሰርግ ይዞ እነሱን ፈጽሞ አልነካም ማለት ከባድ ነው። ከተጠቀሙ በተለየ ሌየር ላይ ያድርጉትና ኦፓሲቲውን ከ30 በመቶ አያሳልፉት። ለአልበሙ ሽፋንና ግድግዳ ላይ ለሚሰቀሉት ግን በእጅ ይሥሩ፤ ለቀሩት ደረጃ 1 እና 3 ይበቃሉ።

ደረጃ 5፦ ቀለሙን ወደ ባለቤቱ ይመልሱ

እዚህ ጋ በግልጽ ልናገር። ጠይሟን ቀይ፣ ቀይ ዳማውን ነጭ ማድረግ ሪታች አይደለም። «ትንሽ ቀላ አድርጉልኝ» የሚል ደንበኛ መምጣቱ አይቀርም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው ግን ፊቱ በደንብ እንዲበራ ነው። ብርሃኑን ከፍ አድርገው፣ ቀለሙን ሳይነኩ ያሳዩት። ብዙዎች «አዎ፣ ይኸው ነው» ይላሉ።

ብርሃኑ ከፍ ሲል ጠይም ቆዳ ሙቀቱን አጥቶ አመዳማ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ለማረጋገጥ ኢንፎ የሚለውን ሰሌዳ ከፍተው ጠቋሚውን ጉንጩ ላይ ያድርጉ። በተለመደ ብርሃን የሰው ቆዳ፣ ጥቁርም ሆነ ቀይ፣ ቀዩ ቁጥር ከሁሉ ይበልጣል፣ አረንጓዴው ይከተላል፣ ሰማያዊው ያንሳል። ሰማያዊው ወደ አረንጓዴው ከተጠጋ ፊቱ አመድ ለብሷል ማለት ነው። መድኃኒቱ የከርቭስ ሌየር ከፍቶ ሰማያዊውን መስመር በጥቂቱ መቀነስና ቀዩን በትንሹ ማንሳት ነው።

ሣር ላይ የተነሳችው ሙሽራችን ሌላም ችግር አለባት፤ ከአገጯ ሥርና ከአንገቷ ላይ አረንጓዴ ነጸብራቅ አርፏል። ባለቀለም ድንኳን ውስጥ የተነሳ ፎቶም የድንኳኑን ቀለም ይለብሳል። ሙሉ ፎቶውን ከማቅላት ይልቅ ከለር ባላንስ ሌየር ከፍተው ወደ ማጀንታ ይግፉት፣ ማስኩን ጥቁር አድርገው አገጭና አንገት ላይ ብቻ በነጭ ይቀቡ።

ፊትና አንገት ካልገጠሙ፣ ማለትም የሜካፕ ባለሙያዋ ከቆዳዋ የነጣ ፋውንዴሽን ከተጠቀመች፣ ፊቱን ወደ አንገቱ ያምጡት፤ አንገቱን ወደ ፊቱ አይውሰዱት። አንገትና ክንድ እውነተኛውን ቀለም ይናገራሉ። የእጅ መዳፍ ግን በተፈጥሮው ስለሚነጣ ለመለኪያ አይሆንም፤ ሂና ያለበትንም እጅ እንዳለ ይተዉት።

ዓይንና ጥርስ ላይ አጭር ነው። የዓይንን ደም ሥር ይቀንሱ፤ ነጩን ወረቀት አያስመስሉት፣ ብዙ ሰው ላይ በተፈጥሮው ትንሽ ቡና ያለበት ነው። ጥርስ ላይ ቢጫነቱን ብቻ በጥቂቱ ይቀንሱ።

ደረጃ 6፦ ይነሱ፣ ተመልሰው ይዩ

የሠሯቸውን ሌየሮች ሁሉ በኮንትሮልና በጂ አንድ ቡድን ውስጥ ያስገቡና ቡና ጠጥተው ይመለሱ። ዓይን ሲሠራ ከርሞ የለመደውን ማጋነን አያይም። ሲመለሱ የቡድኑን የዓይን ምልክት እያጠፉና እያበሩ ያወዳድሩ። መጀመሪያ ወደ ዓይንዎ የሚመጣው ሙሽራዋ ሳትሆን ሪታቹ ከሆነ በዝቷል፤ የቡድኑን ኦፓሲቲ ወደ 75 በመቶ ያውርዱት። ብዙ ፎቶ በዚህ አንድ እርምጃ ይድናል። ትልቅ ሕትመት ከሆነ አስቀድመው በ10 በ15 ሴንቲሜትር አሳትመው ይዩት።

ደረጃ 7፦ ያስቀምጡ፣ ይላኩ

ዋናውን ከነሌየሮቹ በፒኤስዲ ያስቀምጡ። ለሕትመት በኢንች 300 ፒክሰል ይስጡት፤ 20 በ30 ሴንቲሜትር ማለት 2362 በ3543 ፒክሰል ነው። ማተሚያ ቤቱ ሌላ ካላለዎት በኤስአርጂቢ ጄፔግ ያውጡት። በቴሌግራም ሲልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩ፤ እንደ ፎቶ የተላከው ይጨመቃል፣ እርስዎ በጥንቃቄ ያቆዩት የቆዳ ዝርዝርም መንገድ ላይ ይቀራል።

በመጨረሻ፣ ይህ ሁሉ የሚሠራው ለአልበም፣ ለግድግዳና ለማኅበራዊ ሚዲያ ፎቶ ነው። ለፓስፖርትና ለቪዛ ጉርድ ፎቶ አይጠቀሙበት። ለምሳሌ የአሜሪካ ቪዛ ፎቶ 51 በ51 ሚሊሜትር፣ በነጭ ወይም ነጣ ባለ መደብ፣ በመጨረሻዎቹ 6 ወራት ውስጥ የተነሳ መሆን አለበት፤ መልክን የሚለውጥ ማናቸውንም የኮምፒውተር ማስተካከያ ደንቡ ይከለክላል። ደንበኛው «አጽዱልኝ» ብሎ ቢለምንዎት እንኳ እምቢ ይበሉ፣ ምክንያቱንም ያስረዱት፤ ማመልከቻው በፎቶው ምክንያት ቢመለስ ጉዳቱ የእሱ ነው። ለጉርድ ፎቶ ብርሃኑን ሲያነሱ ያስተካክሉ፣ ፊቱን በሶፍት ያስጠርጉት፣ ፎቶውን ከነብጉሩ ያትሙለት።